ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ፦ ገንዘቡ የት ላይ ቢውል ያተርፋል?

በጎንደር ገበያ ስካነር ለመግዛት ለሚያስቡ፣ ከልኬቱ በፊትና ከልኬቱ በኋላ ያለው ሒሳብ

በጥርስ ሕክምና ሥራ ላይ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት የዕቃ አቅራቢዎችን ሲያነጋግር ቶሎ ከሚቀርቡለት መሣሪያዎች አንዱ፣ አፍ ውስጥ ገብቶ ጥርስና ድድን በብርሃን የሚያነብ ዲጂታል ስካነር ነው። መሣሪያው ለዓይን ይማርካል። የታካሚው አፍ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከነቀለሙ በኮምፒዩተር ላይ ይታያል። በትሪ የሚገባ ሊጥ የለም፣ የሚያቅለሸልሸው ታካሚ የለም፣ የሚፈስ ጄሶ የለም።

ለአንድ ጥርስ ሽፋን ወይም ለአጭር ድልድይ የሚሠራ ልኬት ሲሆን ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን አንድም ጥርስ ላልቀረው አዛውንት የሚሠራው ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። ደንበኛው ከቁስቋም፣ ከፒያሳና ከአዘዞ ብቻ ሳይሆን ከዳባትና ከደባርቅ ጭምር በሚመጣበት በጎንደር ገበያ፣ የቱ ዕቃ አስቀድሞ ይገዛ የሚለው ጥያቄ የሙያ ብቻ ሳይሆን የንግድም ውሳኔ ነው። በተሳሳተ መሣሪያ ላይ የታሰረ ዶላር ቶሎ አይመለስም፤ በተሳሳተ ልኬት የተሠራ ጥርስም በመሀረብ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

ገበያው ምን ይመስላል?

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የዓለም ሰዎች መካከል 23 በመቶ ያህሉ ጥርሳቸውን በሙሉ ያጡ እንደሆኑ ገምቷል። ይህ የዓለም አማካይ በመሆኑ እንዳለ ተቀድቶ ለሰሜን ጎንደር ደጋ የገበያ ትንበያ ሊሆን አይችልም። ሆኖም ጥርስ ማጣት ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ችግር አለመሆኑን ያሳያል።

ጎንደር በጤና ሙያ ሥልጠና የቆየ ስም ያላት ከተማ ነች። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም የጥርስ ክሊኒክ አለው። ስለዚህ ታካሚው ከአካባቢው ወረዳዎች ወደ ከተማዋ የመምጣት ልማድ አለው።

ባለሀብቱ ሊዘነጋው የማይገባው ግን የከፋዩ ማንነት ነው። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የአገልግሎት ጥቅሉ ሲቀረጽ ሰው ሠራሽ ጥርስን አላካተተም። ይህም ማለት የሙሉ ጥርስ ዋጋ የሚወጣው ከታካሚው ወይም ከልጆቹ ኪስ ነው። ከኪስ የሚከፈል ዕቃ ደግሞ ዋጋው ትንሽ ከፍ ሲል ገዢው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ደንበኛው የሚገዛውም ጥርስ ብቻ አይደለም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ባሠሩበት ኮረብታ ዙሪያ የሚኖር አንድ የዜማ መምህር፣ የፊት ጥርሱን ሲያጣ "ፈ" እና "ሰ" ከአፉ ተስተካክለው አይወጡም። ሌላው ኮሎ መቆርጠም፣ ሦስተኛው በሠርግ ቤት ሳያፍር ፎቶግራፍ መነሣት ይፈልጋል። ሁሉም የሚጠይቁት ሲናገሩና ሲበሉ የማይወልቅ ጥርስ ነው። የንግዱ መልካም ስም የሚመሠረተውም በዚሁ ላይ ነው።

የሊጡና የጄሶው መንገድ

በነባሩ አሠራር ታካሚው በመጀመሪያ ቀን በትሪ የተሞላ አልጂኔት የሚባል ሊጥ አፉ ውስጥ ይገባለትና የድዱ ቅርጽ ይወሰዳል። አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አረም የሚገኝ ዱቄት ነው። ወደ ገበያ የገባበትም ምክንያት ለነጋዴ ትምህርት ይሰጣል። ቀደም ሲል ለልኬት ይፈለግ የነበረው አጋር የሚባለው ዕቃ በብዛት ከጃፓን ይመጣ ስለነበረ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አቅርቦቱ ሲቋረጥ ባለሙያዎች ፊታቸውን ወደ አልጂኔት አዞሩ። የአቅርቦት መቋረጥ ሙያን የለወጠበት አጋጣሚ ነው።

ከመጀመሪያው ልኬት ላይ ጄሶ ፈስሶ ሞዴል ይወጣል፤ በሞዴሉም ላይ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ትሪ ይሠራል። በሁለተኛው ቀጠሮ የትሪው ጠርዝ በሚለሰልስ ቁስ እየተሸፈነ፣ ታካሚው ከንፈሩንና ምላሱን እያንቀሳቀሰ፣ ጉንጩም እየተሳበ የጠርዙ ልክ ይቀረጻል። ከዚያም የመጨረሻው ቀጭን ልኬት ይወሰዳል። በሦስተኛው የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ግንኙነት በሰም ይለካል። በአራተኛው በሰም ላይ የተደረደሩት ጥርሶች በአፍ ይሞከራሉ፤ ታካሚው "ፈ" እና "ሰ" ያለባቸውን ቃላት እንዲናገር የሚደረገውም በዚህ ቀን ነው። በአምስተኛው ጥርሱ ይረከባል።

በእነዚህ ቀጠሮዎች መካከል ላቦራቶሪው ሰሙን በአክሪሊክ ይተካል። አክሪሊክ የሚጠነክረው በሙቅ ውኃ ሲሆን፣ እዚህ ላይ የደጋው አየር የራሱ ጣጣ አለው። አምራቾች ከሚሰጧቸው የማብሰያ ሰንጠረዦች ውስጥ አጭሩ፣ ዕቃው በ74 ዲግሪ ገደማ ከቆየ በኋላ በ100 ዲግሪ በሚፈላ ውኃ አንድ ሰዓት እንዲቆይ ያዝዛል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በደባርቅ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይላል። ሰንጠረዡን ቃል በቃል መፈጸም አይቻልም ማለት ነው። በደንብ ያልበሰለ አክሪሊክ ያልተዋሐደ ኬሚካል በውስጡ ስለሚቀርበት ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ድድንም ሊያስቆጣ ይችላል።

መፍትሔው በ74 ዲግሪ አካባቢ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት የሚወስደውን ረዥሙን ማብሰያ መጠቀም ወይም ግፊት ያለው ዝግ ድስት መግዛት ነው። የመጀመሪያው ለዚያን ያህል ሰዓት የማይቋረጥ መብራት ይጠይቃል። ሁለተኛው ከስካነር ጋር ሲነጻጸር በጣም ርካሽ ቢሆንም በብዙ የዕቃ ዝርዝር ላይ አይታይም።

ካሜራው የሚሰናከልበት ቦታ

በአፍ ውስጥ የሚሠራው ስካነር አዲስ ነገር አይደለም። በስዊዘርላንድ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጥርስን በካሜራ ለክተው በዚያው ወንበር ላይ ለታካሚ ሙሌት የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ይሁን እንጂ ቴክኒኩ የተወለደው ጥርስ ላለው አፍ ነበር።

ስካነሩ የሚሠራው በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ምስሎችን እያነሣ፣ አንዱን ከሌላው ጋር በምልክት እያገጣጠመ ነው። ጥርስ ጉብታና ሸለቆ ስላለው ለማገጣጠም ይመቻል። ጥርስ የሌለው ድድ ግን ልሙጥ ነው፤ በምራቅ ያብረቀርቃል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ሥጋም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ምስሎቹ ሲገጣጠሙ ስሕተት ሊከማች ይችላል። የላይኛው ላንቃ ጠንካራ በመሆኑ ብዙ ጊዜ በጥሩ ሁኔታ ይነበባል። ምላስ የሚገፋውና ድዱ የሳሳው የታችኛው መንጋጋ ግን አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ሙሉ ጥርስ አፍ ውስጥ የሚይዘው በሙጫ ሳይሆን በድዱና በአክሪሊኩ መካከል ባለ ስስ የምራቅ ሽፋንና በጠርዙ ዙሪያ አየር በማያስገባው መግጠሚያ ነው። ጠርዙ የት ላይ ማለቅ እንዳለበት የሚታወቀው ጉንጭና ምላስ ሲንቀሳቀሱ ነው። ካሜራ የሚያየው ድዱን ባረፈበት ሁኔታ ብቻ ነው፤ ጉንጩንም ለማየት ሲል ራሱ ይገፋዋል። በዚህም ምክንያት የጠርዙን የሥራ ልክ በትክክል አይመዘግብም። ሐኪሙ በሁለተኛው ቀጠሮ በእጁ የሚቀርጸውን ያህል እስካሁን ካሜራው አልተካም።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በታችኛው መንጋጋ ነው። ጥርሱን የሚሸከመው የታችኛው ድድ ስፋት ከላይኛው ግማሽ ያህል ነው። በተጨማሪም አንት ታልግሬን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙትና ታካሚዎችን ለ25 ዓመታት በተከታተለው ጥናት፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የታችኛው አጥንት ከላይኛው በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚያልቅ ታይቷል። ለረዥም ዓመታት ያለ ጥርስ የኖሩ አዛውንት ወደ ክሊኒክ ሲመጡ አጥንታቸው አብዛኛው አልቆ ሊሆን ይችላል። ስካነሩ በጣም የሚቸገርበት አፍ፣ ጥሩ ልኬት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው አፍ ነው።

መካከለኛው መንገድ

ይህ ማለት ዲጂታሉ ለሙሉ ጥርስ አይረባም ማለት አይደለም። ጥቅሙ ያለው ከልኬቱ በፊት ሳይሆን ከልኬቱ በኋላ ነው።

በመካከለኛው አሠራር ሐኪሙ ልኬቱን እንደ ድሮው በቁስ፣ ጠርዙን በእጁ እየቀረጸ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ልኬቱ ራሱ ወይም ከእርሱ የወጣው የጄሶ ሞዴል በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ስካነር ይነበባል። ጄሶ አይንቀሳቀስም፣ ምራቅ የለውም፣ አያቅለሸልሸውም። ጥርሶቹ በኮምፒዩተር ይደረደራሉ፤ የሙከራው ጥርስ በስሪዲ ፕሪንተር ይታተማል፤ የመጨረሻውም በፕሪንተር ይታተማል ወይም ከደረቀ የአክሪሊክ ዲስክ በማሽን ተፈልፍሎ ይወጣል።

የተፈለፈለው ዓይነት ዲስኩ በፋብሪካ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት አስቀድሞ የጠነከረ በመሆኑ በላቦራቶሪ ውስጥ አይኮማተርም፤ ያልተዋሐደ ኬሚካልም በብዛት አይቀርበትም። ለጎንደር ያለው ጥቅም ግልጽ ነው፤ የውኃው መፍያ ነጥብ ጉዳይ አብሮ ያበቃል። የታተመው ዓይነት ማሽኑ ረከስ ይላል። ነገር ግን ከታተመ በኋላ መታጠብና በብርሃን እንደገና መጠንከር አለበት፤ ሬዚኑም የአገልግሎት ጊዜ ገደብ አለው። በገበያ የቆየበት ዘመንም አጭር ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለሚታተም የጥርስ መሠረት ሬዚን ፈቃድ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

በዚህ አሠራር ቀጠሮው ከአምስት ወደ ሦስት ሊወርድ ይችላል። አሮጌ ጥርስ ላለው ታካሚ ደግሞ ያው ጥርስ እንደ ትሪ ሆኖ ልኬትና የመንጋጋ ግንኙነት በአንድ ቀን ይወሰድበታል። ጥርሱ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ፋይሉ ስላለ ዳግም ማሠራት ይቻላል። ሆኖም ድድ በየዓመቱ ስለሚለወጥ የቆየ ፋይል ለዘለዓለም አያገለግልም።

የመንገዱ ሒሳብ

የሁለት ቀጠሮ ቅናሽ በአዲስ አበባ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በሰሜን ጎንደር ግን ትልቅ ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አምስት ጊዜ የሚመላለስ ታካሚ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ሦስት ጊዜ የሚመላለሰው 600 ኪሎ ሜትር። አዛውንት ብቻቸውን ስለማይሄዱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይከተላል። ስለዚህ የደርሶ መልስ ክፍያው አሥር መሆኑ ቀርቶ ስድስት ይሆናል፤ የአልጋና የምግቡም እንዲሁ። ጥርሱ ከተረከበ በኋላ ለማስተካከል የሚደረገው ጉዞ በሁለቱም መንገድ የማይቀር ነው።

ብልህ የክሊኒክ ባለቤት ይህን ሒሳብ ለታካሚው ይነግረዋል። ታካሚው በትራንስፖርት የሚያድነው ገንዘብ ለተሻለ ጥርስ ሊከፍለው የሚችለው ገንዘብ ነው። መንገድ በጸጥታ ምክንያት በሚዘጋባቸው ቀናትም የቀጠሮ ቁጥር ማነስ ራሱን የቻለ ዋስትና ነው። በሰም ሙከራ ላይ የቀረ ሥራ ወራት ከቆየ ዳግም መጀመር ሊያስፈልገው ይችላል።

የማሽኑ ሒሳብ

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ይል የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለሆነም ማንኛውም ከውጭ የሚገባ ማሽን በብር ሲሰላ ዋጋው በአንድ ጊዜ ዕጥፍ ያህል ሆኗል። አልጂኔቱም፣ አክሪሊኩም፣ ተዘጋጅተው የሚመጡት ጥርሶችም ከውጭ ስለሚገቡ ነባሩ አሠራር ከዚህ ጫና አላመለጠም።

ለስሌት ያህል 10,000 ዶላር የሚያወጣ ስካነር በ120 ብር ምንዛሪ 1.2 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ዕድሜው አምስት ዓመት ቢባል በዓመት 240,000 ብር ይወድቅበታል። በወር አራት ሙሉ ጥርስ ለሚሠራ አንድ ክሊኒክ በእያንዳንዱ ሥራ ላይ 5,000 ብር ይጨመራል። ማሽኑ በወር 20 ሥራ ቢያገኝ ግን ጭማሪው 1,000 ብር ብቻ ይሆናል።

በሁለቱ ስካነሮች መካከል ያለው የንግድ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አፍ ውስጥ የሚገባው ስካነር የሚያገለግለው ታካሚው የተቀመጠበትን ወንበር ነው። የጠረጴዛው ስካነር ግን ታካሚን አይፈልግም፤ የአምስት ክሊኒክ ልኬት በአንድ ቀን ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ 20ውን ሥራ የማሟላት ዕድል ያለው በጋራ የሚሠራበት ላቦራቶሪ እንጂ አንድ ክሊኒክ አይደለም። አፍ ውስጥ የሚገባውን ስካነር አስቀድሞ የገዛም ቢሆን አልከሰረም፤ በእርሱ ልኬቱን ወይም የጄሶ ሞዴሉን ከአፍ ውጭ አንብቦ ፋይሉን መላክ ይችላል።

መፈልፈያውንና ፕሪንተሩን ገና ከመጀመሪያው መግዛት ግዴታ አይደለም። ፋይል በኢንተርኔት ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ ጄሶ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ሲንገላታ ሊሰበር ይችላል። ሥራው ሲበዛ ማሽኑ ወደ ጎንደር ይመጣል።

ከመፈረም በፊት

በዲጂታሉ መንገድ የሚጠበቁ ሦስት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ኢንተርኔትና መብራት ነው። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለበርካታ ወራት ቆይቷል። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ሶፍትዌር የገዛ ላቦራቶሪ በእንዲህ ያለ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ሶፍትዌርና የመብራት መጠባበቂያ በውሉ ዋጋ ውስጥ መታሰብ አለባቸው።

ሁለተኛው በየዓመቱ የሚከፈለው የሶፍትዌር ክፍያ ነው። አንዳንዱ ማሽን ሲገዛ ርካሽ መስሎ በየዓመቱ በዶላር ያስከፍላል። ፋይሉን በማንኛውም ላቦራቶሪ በሚነበብ ዓይነት የማያወጣ ስካነርም ገዢውን ለአንድ አምራች ያስረዋል።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ታካሚ አፍ ውስጥ ለዓመታት የሚኖር ሬዚን ለጌጥና ለአሻንጉሊት ከሚታተመው ፕላስቲክ ይለያል። ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ከመርካቶ የተገኘን ሬዚን የሚጠቀም ሰው ከሕግም ከደንበኛውም ጋር ይጋጫል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው የግዢ ቅደም ተከተል ቀላል ነው። መጀመሪያ ጠርዝ መቅረጽ የሚችል እጅና ጥሩ የልኬት ቁስ፤ አክሪሊክ በከተማው ውስጥ የሚበስል ከሆነም ዝግ የግፊት ድስት። ቀጥሎ በጋራ የሚሠራበት የጠረጴዛ ስካነር። ከዚያ ፕሪንተር፤ ሥራው ሲበረክት መፈልፈያ። አፍ ውስጥ የሚገባው ስካነር ለሽፋንና ለድልድይ ሥራ ሲፈለግ ይገዛል፤ ለሙሉ ጥርስ ሲባል ብቻ የሚገዛው ግን ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ነው። ታካሚው ማሽኑን አይቶ ሊገባ ይችላል፤ ጎረቤቱን ይዞ የሚመለሰው ግን ኮሎውን ሲቆረጥም ጥርሱ ያልተነቀነቀ እንደሆነ ነው።